በግራ እጅ የተጠረበ ጭምብል

ሎይሳ፣ ፖርቶ ሪኮ
ማርች 11

ለተከበርሽው ለአክስቴ ልጅ ለዛይራ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የእግዚአብሔር ሰላም ካንቺና በቤትሽ ካሉት ሁሉ ጋር ይሁን። ቅዱስ ያዕቆብ ይህን ወረቀት እጅሽ ያድርስልኝ።

እኔ ቆሜ እሄዳለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ደህና ነኝ እላለሁ፤ ላንቺ ግን እንዲህ ብዬ ወረቀት አላባክንም። ስልክ አታነሳልኝም ብለሽ ለጎረቤቴ ለሚንጋ አቤት ብለሻል። እውነትሽን ነው፣ አላነሳም። በስልክ ትቀድሚኛለሽ። እኔ አንድ ቃል ስፈልግ አንቺ ተናግረሽ፣ አልቅሰሽ፣ አጽናንተሽኝ ዘግተሻል። በወረቀት ላይ ማንም አያቋርጠኝም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ አንድ ገጽ ሦስት ቀን ይፈጅብኛል። ታገሺኝ።

ልጄ ደርሷል። ከቺካጎ የላክሽውን ሳጥን እዚህ አስከፈትኩት። ሚንጋ «ተዪው ኦብዱሊያ፣ በሕይወቱ እንደምታውቂው ይቅርልሽ» ብላኝ ነበር። «በሕይወቱ ሦስት ዓመት አላየሁትም፤ አሁንም ሳላየው እንዲያልፍ ነው የምትፈልጊው?» አልኳት። ፀጉሩ በደንብ ተጎንጉኗል። ሸሚዙ የሚያብረቀርቅ ነው። የአንገቱ ቁልፍ ተቆልፏል፤ እሱ ደግሞ የአንገት ቁልፍ ቆልፎ አያውቅም፣ ያንቀዋል። ጥፍሮቹ ሰማያዊ ተቀብተዋል። ሚንጋ «ቄሱ ሳይመጡ እናስለቅቅለት» ብላ አሴቶን ልታመጣ ተነሣች። «ተቀመጪ» አልኳት። ቁልፉን ብቻ ፈታሁለት። ከአባቴ ጎን ቀበርነው፤ ሰው ብዙ ነበር።

አሁን የምጠይቅሽን ጠይቄ ልረፍ። ማን አጠበው? ማን ጎነጎነው? ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህን ንገሪኝ፤ ሕመሙ ሲነሣበት እግሩን ማን አሸለት? ኤድኒኤል ደሙ እንደ ማጭድ የሚጣመምበት ሕመም እንደነበረበት ታውቂያለሽ፤ ከእኔና ከአባቱ የወረሰው ነው። ብርድ ሲነካው እግሩ ውስጥ ብርጭቆ የተሰበረ ይመስለው ነበር። ከሁለት ዓመቱ እስከ ሃያ ሦስት ዓመቱ በአልኮል ያሸሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላስ?

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። የመጨረሻውን ጭምብል ላኪልኝ። በገና ሰሞን ሲጠርበው በስልክ አሳይቶኝ ነበር፤ የኮኮናት ልጣጭ፣ ባለ ሰባት ቀንድ፣ ገና ቀለም ያልነካው። ሌላውን ዕቃውን በቤትሽ ላሉት ልጆች አካፍይ። ጭምብሉ ግን በጁላይ፣ ለቅዱስ ያዕቆብ በዓል፣ እዚህ መሆን አለበት። አያታችን ሲሞት የመጨረሻ ጭምብሉን በዚያው ዓመት በዓል አባቴ አጥልቆት እንደወጣ ታስታውሻለሽ። የልጄም እንደዚያ ይሁንለት።

ኦብዱሊያ


ቺካጎ
ማርች 30

እታለም ኦብዱሊያ፣

ቡራኬሽን። ታላቄ ነሽና ቀድሜ ቡራኬ እጠይቃለሁ፤ ከሎይሳ ሠላሳ አንድ ዓመት ብርቅም ይህን አልረሳሁም። እግዚአብሔር ጉልበት ይስጥሽ፣ ድንግል ማርያም ከአጠገብሽ አትለይ።

ደብዳቤሽን ለብቻዬ አነበብኩት፣ ከዚያ ለልጆቹ አነበብኩላቸው፣ ከዚያ ደግሞ ለብቻዬ። በቤቴ አሁን አምስት ልጆች አሉ። ታች መስፊያ፣ ላይ ማደሪያ ነው። የሰርግ ቀሚስ እሰፋለሁ፤ ከዚያ በሚተርፈው ጨርቅ ልጆቹ የመድረክ ልብስ፣ የሰልፍ ባነር፣ ቤት የሚያክል አሻንጉሊት ይሠራሉ። የእኛው ደሴት ሰው አለ፣ የዚህ አገር ጥቁር አለ፣ ሜክሲኳዊ አለ። ወንድ የሚወድ ወንድ፣ ሴት የምትወድ ሴት፣ እንደ እኔ በወንድ ስም የተጠመቀች። እናቶቻቸው በር የዘጉባቸው ልጆች ናቸው። ከኤድኒኤል በኋላ መቀስ ያነሣ የለም። ሲዮማራ የምትባለው ብቻ፣ መጥረብ ያስተማራት እሱ ነው፣ በየቀኑ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ኮኮናት ትፍቃለች። ተነሺ የሚላት የለም።

ያጠብኩት እኔ ነኝ። የጎነጎንኩትም እኔ ነኝ። የአንገቱን ቁልፍ የቆለፍኩት ብርድ እንዳይገባው ብዬ ነው። ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ። ስለ እግሩ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

ጭምብሉን በተመለከተ፣ በጁን ትልቅ ሰልፍ አለን። ባለፈው ዓመት የተገደሉብንን እህቶች ሥዕል ይዘን እንወጣለን። ጭምብሉ ከፊት እንዲሄድ የኤድኒኤል ሐሳብ ነበር። ከዚያ በኋላ እልክልሻለሁ፤ ቃሌ ነው።

ለመቃብሩ ድንጋይ ትንሽ ገንዘብ አብሮ አለ። አትቆጪ።

ታናሽሽ ዛይራ


ሎይሳ
ኤፕሪል 16

ለዛይራ፣

እግዚአብሔር ይባርክሽ። ቡራኬ የጠየቀን ሰው መከልከል አልተማርኩም።

ገንዘብሽን መልሼዋለሁ። የጠየቅሁሽ ጭምብል ነው። የሸርጣን ጥብስ እየሸጥኩ ልጅ አሳድጌአለሁ፣ ድንጋይ አያቅተኝም።

የኤድኒኤል ጓደኛ ሆሱዌ ትናንት ወደ ዳሴ መጣ። አንቺ አታውቂውም፣ ከሄድሽ በኋላ የተወለደ ነው። ቀሚስ ለብሶ ከበሮ ፊት የሚጨፍር፣ ሆቴል ሠሪዎቹ ባሕሩን ያጠሩበት ቆርቆሮ ላይ በየሳምንቱ ሥዕል የሚሥል ልጅ ነው። እነሱ ያጠፉታል፣ እሱ ይሥላል።

«ቡራኬዎን ዶኛ ኦብዱሊያ።»

«እግዜር ይባርክህ። ስንት ልስጥህ?»

«ለመብላት አልመጣሁም።»

«እንግዲያው ፈቀቅ በል፣ ወረፋ አለ።»

ዞሮ ወረፋውን አየ። አንድ ውሻ ነበር። «እሱን አስቀድሜ እጠብቃለሁ» ብሎ ቁጭ አለ። የኤድኒኤልን ፊት አጥሩ ላይ ሊሥል ፈቃድ ሊጠይቀኝ ነው የመጣው። «ልጄን የሆቴል ቆርቆሮ ላይ አልለጥፍም» አልኩት። አላኮረፈም። ሊያጽናናኝ ብሎ ስልኩን አወጣና ካንቺ ቤት የተቀረጸ ነገር አሳየኝ። ጠዋት ነው። ልጆቹ ቁርስ ይበላሉ። ልጄ ከደረጃ ይወርዳል፣ ትከሻሽን ይስማል፣ «ቡራኬሽን ማሚ» ይላል። አንቺም ከእንቁላሉ ቀና ሳትዪ «እግዜር ይባርክህ የኔ ልጅ» ትያለሽ።

«ድገመው» አልኩት። ሦስት ጊዜ አየሁት። እየሳቀ ነው ያለው። ለእኔ በስልክ ሲለኝ ግብር እንደሚከፍል ሰው ነበር።

ዛይራ፣ ያ የእኔ ነው። አፉን ሲፈታ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አንቺ ደግሞ ቀና እንኳ አላልሽም። በየቀኑ ስለምታገኚው ነዋ! እኔ ብሆን እንቁላሉ ያርር ነበር።

እናቶቻቸው በር የዘጉባቸው ልጆች ብለሽ ጽፈሻል። እኔ በር አልዘጋሁም። የሆነውን ልንገርሽ። ነጩን ጉርድ ቀሚሴን ለብሶ አጥሩ ፊት ሲጨፍር ሰው ሁሉ አየው። ወንዶቻችን በበዓል ቀን ቀሚስ ለብሰው፣ ጡት ሠርተው፣ መጥረጊያ ይዘው በየደጁ ሲዞሩ እንደምንስቅና እንደምንሸልም ታውቂያለሽ፤ እኔም እስቃለሁ። ስለዚህ ወደ ቤት ሲመለስ «በዓመት አንድ ቀን አይበቃህም?» አልኩት። ይህን ብቻ ነው ያልኩት። «ማሚ፣ አንቺ በዓመት አንድ ቀን ብትተነፍሺ ይበቃሻል?» አለኝ። ምሳውን በላ። ሳህኑን አጠበ። በሳምንቱ አንቺ ጋ መጣ። በሩ ክፍት ነበር። በክፍቱ በር ወጣ።

ጭምብሉን ከሰልፋችሁ በፊት ላኪልኝ። ስለ እግሩም አልመለስሽልኝም።

ኦብዱሊያ


ቺካጎ
ሜይ 24

እታለም፣

ቡራኬሽን። ስለዘገየሁ አትቀየሚኝ፤ የሰርግ ወቅት ነው፣ የሰልፉም ሥራ አለ፣ ልጆቹም በየተራ ይታመማሉ።

ጭምብሉን ልኬልሻለሁ። ቀንዶቹን በጥጥ ጠቅልያቸዋለሁ። ያለሱ እንወጣለን። ጸልዪልኝ።

ዛይራ


ሎይሳ
ጁን 5

ዛይራ፣

ሰላምታ አልጽፍም። ቡራኬም የለም።

ሳጥኑን ከሚንጋ ጋር ከፈትነው። እሷ ገና ጥጡ ሲታይ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ጭምብሉን አወጣሁ፣ ቀንዶቹን ነካካሁ፣ ደረቴ ላይ ያዝኩት። ከዚያ ገልብጬ ውስጡን አየሁ።

ኤድኒኤል ግራኝ ነበር። አባቴ መጥረብ ሲያስተምረው ግራ እጁን ከወንበሩ ጋር አስሮ በቀኝ ሊያስለምደው ሞክሮ ተሸንፏል። የአባቴ ጭምብሎች ሁሉ፣ የአያታችንም፣ ውስጣቸው ያለው የቢላ ፈለግ ወደ ቀኝ ያጋድላል። የልጄ ብቻ ወደ ግራ ያጋድላል። ውስጡን ያጠብኩለት፣ በጨርቅ የወለወልኩለት እኔ ነኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ አውቀዋለሁ። ይህ ወደ ቀኝ ያጋድላል።

«የሱ አይደለም» አልኳት ለሚንጋ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሐዘን አዞረሽ። ቀንዱን ቁጠሪ፣ ሰባት ነው።»

«ሰባት ቀንድ ያለው ፍየል ቢልኩልሽ ኤድኒኤል ነው ብለሽ ታቅፊያለሽ?»

«ፍየሉን እንኳ እንበላው ነበር» አለች። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ልጄን ከነነፍሱ ሦስት ዓመት ወሰድሽው። ሳቁን ወሰድሽ፣ የጠዋት ቡራኬውን ወሰድሽ። ገላውን አንቺ አጠብሽ። አንድ ኮኮናት በዛብኝ? ያውም ይህን ያህል ሞኝ ነኝ ብለሽ ነው፤ ዶኛ ኦብዱሊያ ጥብስ እንጂ ሌላ አታውቅም ብለሽ ነው።

ሆሱዌ ሌላም አሳይቶኛል። ሊሞት ሰሞን በነበረው የፌብሩዋሪ ሰልፍ ልጄ በረዶ ላይ በቀሚስ ይጨፍራል። ኮት የለውም። አንቺ ከጎኑ በጓንት ታጨበጭቢያለሽ። ብርድ ምን እንደሚያደርገው እያወቅሽ።

ልጅ አልወለድሽም። ይህን መጻፍ ክፉ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሦስት ቀን አስቤበት ነው የጻፍኩት።

የልጄን ጭምብል ላኪ። ካልሆነ በሕይወቴ ተሳፍሬ የማላውቀውን አውሮፕላን ተሳፍሬ እመጣለሁ፣ ልጆችሽ ፊት ከግድግዳሽ ላይ አወርደዋለሁ።

ኦብዱሊያ ሲሪኖ፣ የኤድኒኤል እናት


ቺካጎ
ጁን 19

እታለም፣

ዛሬ ቡራኬ አልጠይቅም። አንብበሽ ስትጨርሺ የሚገባኝ ከመሰለሽ ትሰጪኛለሽ።

የላክሁልሽ ሲዮማራ የጠረበችው ነው። ለእናቱ ስጦታ የምንልክ መስሏት ነበር፤ እንደማታልልሽ አላወቀችም። ደብዳቤሽን ሳነብላት «በቀኝ እጄ ስለምጠርብ ነው?» ብላ አለቀሰች፣ ከዚያ «እናትየዋ ግን የፖሊስ ዓይን አላት» ብላ በእንባዋ መሐል ሳቀች። እውነተኛው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። ሰልፉ ባለፈው ቅዳሜ አልፏል፤ ያለ ጭምብል ወጣን። ከፊት ይሂድ ያለው ኤድኒኤል ነው ያልኩሽም ውሸት ነው። እሱ ለሌላ ነገር ነው የሠራው።

በኖቬምበር ገመድ ይዞ መጣና «ማሚ ዛይራ፣ ፊትሽን ልለካው» አለኝ። ከግንባር እስከ አገጭ፣ ከጉንጭ እስከ ጉንጭ ለካኝ። አንቺና እኔ የአያታችንን ፊት እንደወረስን ታውቂያለሽ፤ ልጆች ሆነን ሰው እንኳ ያምታታን ነበር። ጭምብሉ ለእኔ መሰለኝ። እስከ ገና ስኩራራ ሰነበትኩ። «ለእናንተ የጆሮ ጌጥ፣ ለእኔ ባለ ሰባት ቀንድ» እያልኩ ልጆቹን አሳረርኳቸው። በገና ዕለት ምሳ ላይ፣ ሁሉም ተቀምጠው፣ «መቼ ነው የማጠልቀው?» አልኩት።

ሳቀ። «አይ ማሚ ዛይራ፣ ያንቺ ፊት ለልክ ነው። ጭምብሉ የማሚ ነው። በጁላይ ይዤላት እገባለሁ። እሷ ጭምብል አጥልቃ፣ እኔ በቀሚስ፣ አብረን ወደ አጥሩ እንሄዳለን።»

«እሺ የምትልህ ይመስልሃል?»

«ፊቷ ከተሸፈነ እሺ ትላለች። እሷን እኔ ነኝ የማውቃት።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ወደ ኩሽና ገባሁና ማንም እንዳይሰማኝ ቧንቧውን ከፈትኩ። ሦስት ዓመት አብልቼው፣ ሰፍቼለት፣ ይዤው ሐኪም ቤት ሮጬ፣ ፊቴ ለልክ ነበር። ሲሞት ጭምብሉን አቅፌ ለማንም አልሰጥም አልኩ። ከእሱ የቀረኝ ለእኔ ያልሆነው ነገር ብቻ ነው።

አሁን ስለ እግሩ። ከፌብሩዋሪው ሰልፍ በኋላ እሑድ ጠዋት ታመመ። ኮት ልበስ አላልኩትም። ከበሮው ሲከተለው፣ ሰው ክብ ሠርቶ ሲያየው፣ በጣም ያምር ስለነበር ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም። ይህ በእኔ ላይ ነው፣ ከእኔ ላይ ላራግፈው አልሞክርም። አምቡላንስ እስኪመጣ አልኮል ይዤ እግሩን ማሸት ጀመርኩ። እጄን ያዘኝ። «እንደዚያ አይደለም። ማሚ ከጉልበት ጀምራ ወደ ታች ነው፣ አውራ ጣቷን ጨከን አድርጋ» አለኝ። እንዳለኝ አደረግሁ። «አይደለም» አለ። እንደገና ሞከርኩ። «ግዴለም፣ ተዪው ማሚ» አለኝ፣ እንዳልቀየም ብሎ ቀስ አድርጎ። ማክሰኞ ቀትር ላይ አረፈ። የፈለገው እጅ ያንቺ ነበር። ይህን እንዳላሳውቅሽ ስሸሽ ነው እስካሁን ያልጻፍኩልሽ።

ልጅ አልወለድሽም ብለሻል። እውነት ነው። እኔም አንድ እውነት አለኝ። ከሎይሳ በወጣሁበት ዓመት፣ በዓሉ አልቆ ቀሚሱን አላወልቅም ባልኩ ጊዜ፣ አባቴ መንገድ ላይ በቀበቶ ሲገርፈኝ፣ አንቺ መስኮት ላይ ነበርሽ። አየሁሽ፣ አየሽኝ። መስኮቱን ዘጋሽ። ለኤድኒኤል ነግሬው አላውቅም። ስንት ቀን፣ ስላንቺ ሲያወራ ሲያወራ፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር፣ የእኔ ብቻ ይሆን ነበር። አልነገርኩትም።

ዛይራ


ሎይሳ
ጁላይ 31

ለእህቴ ለዛይራ፣

እግዚአብሔር ይባርክሽ። ከነቤትሽ ይባርክሽ።

ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ክፉ ደስታ ነው፣ ግን ደስታ ነው። «ያንቺ ፊት ለልክ ነው» የሚለውን በጣቴ እየተከተልኩ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርሽም። ጎረቤት ጠርቼ ባስነበብኩ ብዬ ተመኘሁ። ከዚያ ስለ እግሩ የሚለው ጋ ደረስኩ። አውራ ጣቶቼን አየኋቸው። በዚያ ቀን ዳሱን አልከፈትኩም።

መስኮቱን ዘግቻለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ውስጥ ለመጻፍ ረጅም ጊዜ የፈጀብኝ ይህ ነው። ልጅ ነበርኩ፣ ፈርቼ ነበር እያልኩ ጀምሬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። ዘግቻለሁ። ከዘጋሁም በኋላ ቀበቶው ይሰማ ነበር። ይቅር በይኝ። ለልጄ ስላልነገርሽው ደግሞ እግርሽን እስማለሁ።

ጭምብሉን አጠለቅሁት። አፍንጫዬ ላይ ይጠብበኛል። አፍንጫሽ ከእኔ ቀጭን ነው ማለት ነው፤ አያታችን ለሁለታችን እኩል አላካፈለንም። በሞረድ ላሰፋው ተነሣሁና ተውኩት። ይጥበበኝ። ቀንዶቹን ቀይ ቀባኋቸው።

ከሦስቱ የበዓል ቀናት በሴቶቹ ሰልፍ ቀን ለማንም ሳልናገር ክንፍ ያለውን ሰፊ ልብስ ለበስኩ፣ ጭምብሉን አጠለቅሁ፣ ጭምብል ለባሾቹ መንገደኛ የሚመቱበትን የተነፋ ከረጢት ይዤ በጓሮ በር ወጣሁ። በሃምሳ አራት ዓመቴ! ሙቀቱን አትጠይቂኝ። ሚንጋ ደጇ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣ ነበር። «ይሄ ደግሞ የማን ሰካራም ነው? ጉልበቱ ሳይከዳው ቤቱ ይግባ!» አለች። በከረጢቱ ወገቧን አቀመስኳት። ጮኸች፣ እናቴን ሰደበች። እናቴ በሕይወት ሳለች አንድ ሳህን ላይ ነበር የሚበሉት።

የቅዱሱ ምስል በዋናው መንገድ ሲያልፍ ወጣቶቹ ተገንጥለው ወደ ባሕሩ፣ ወደ አጥሩ ሄዱ። ተከተልኳቸው። ሆሱዌ በቀሚስ፣ ሌሎቹም በቀሚስ፣ ሴቶቹ በሱሪ፣ ባነራቸውን ቆርቆሮው ላይ ሰቀሉ፣ ከበሮዎቹን አሸዋው ላይ ደረደሩ። ልጨፍር አልሄድኩም። ቆሜ ልመለከት ነው የሄድኩት። ግን ከበሮው ፊት ያለው ቦታ ባዶ ሆነና እግሬ ገባ። ትከሻዬን ነቀነቅሁ፣ ከበሮው መለሰልኝ። ቆምኩ፣ ቆመ። በእኛ ጭፈራ አዛዡ ጨፋሪው እንደሆነ፣ ከበሮው እንደሚከተል ረስቼ ነበር። ኤድኒኤልን በዓመት አንድ ቀን ይበቃሃል ስለው ምን እየከለከልኩት እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ዘግይቶ ነው የገባኝ።

ከዚያ ሆሱዌ ድምፅ ማጉያ ይዞ የሞቱባቸውን ሰዎች ስም መጥራት ጀመረ። እሱ ስም ይጠራል፣ ሰው ሁሉ «እዚህ ነው!» ይላል፣ ወይም «እዚህ ናት!»። የልጄን ስም ጠራ። ሁለት መቶ ሰው የሚሆን «እዚህ ነው!» አለ።

ዛይራ፣ ቀናሁ። እንደዚያ ቀን ቀንቼ አላውቅም፣ ባንቺም እንኳ። ይህ ሁሉ ሰው የልጄን ስም በአፉ ሞልቶ ይጮኻል። አንዱም ሲወለድ አላየውም፣ አንዱም እግሩን አላሸለትም። እዚህ ነው ይላሉ፤ የት ነው? እኔ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። አንዲት ልጅ ከጎኔ ዓይኗን ጨፍና፣ እንባዋ እየወረደ ትጮኻለች። አንቺ ደግሞ ማነሽ ልላት ነበር።

ሆሱዌ ሁለተኛ ጠራው። «ኤድኒኤል!»

ከሁሉም ቀድሜ፣ ከሁሉም በላይ ጮህኩ። «እዚህ ነው!» ጭምብሉ ውስጥ ድምፄ እኔኑ አደነቆረኝ። እንዲያሸንፉኝ አልፈለግሁም፤ ለዚህ ነው የጮህኩት፤ በመልካም ልብ መስሎ እንዳይታይሽ። ከበሮው ቆመ። ሆሱዌ ማጉያውን ከአፉ አወረደ።

«ዶኛ ኦብዱሊያ?»

ሰው ሁሉ ዞረ። ላወልቀው አሰብኩና አላወለቅሁትም።

«ምን ቆመህ ታየኛለህ፣ ቀጥል» አልኩት። «ከመጀመሪያው ጀምር። ሁሉንም ጥራ።»

ሁሉንም ጠራ። የማላውቃቸውን ልጆች፣ የማላውቃቸው እናቶች ልጆች። ለእያንዳንዱ ጮህኩ። በመጨረሻ ድምፄ አልቆ እንደ ዝገት ሆነ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ደንበኞቼ ጥብስ በጣት ነው የሚያዙኝ።

አጥሩ አልወደቀም። ባነሮቹን በማግስቱ ነቅለዋቸዋል። ሆሱዌ ደግሞ እንደገና ቀለም ገዝቷል። ልሣለው ብሎ ሲጠይቀኝ «ሣለው፣ ግን የአንገቱን ቁልፍ ክፍት አድርገው» አልኩት። ማታ ማታ ተሰብስበው ዳሴ ይመጣሉ። በግማሽ ዋጋ ነው የማበላቸው፤ በነፃ ግን አላልኩም።

ጭምብሉን አልመልስልሽም። ማጥለቅ ካማረሽ ለሚመጣው በዓል ነይ፤ አንድ ቀን ያንቺ፣ ሁለት ቀን የእኔ። አባትሽ ከሞተ አሥር ዓመት ሆነው፤ መንገዱን ማንም አይከለክልሽም፤ ቀሚስሽን ለብሰሽ ግቢ፣ በዓሉ ሲያልቅም ለብሰሽው ቆዪ። ልጆቹንም አምጪያቸው። ሲዮማራንም፤ የጠረበችው ግድግዳዬ ላይ ነው፣ አንዱ ቀንድ ላልቷል፣ መጥታ ታጥብቀው።

ልጆቹ ሳሎን ይተኛሉ። አንቺ የእኔን አልጋ ትወስጃለሽ። በእሱ አልጋ ላይ የምተኛው እኔ ነኝ። እሱን አትለምኚኝ።

እህትሽ ኦብዱሊያ